ጸበል፣ መድኃኒትና የአይደር ሆስፒታል

አይደር ሆስፒታል በመቐለ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ ሥራ የጀመረው በ2000 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከትግራይ አልፎ ከአፋርና ከአጎራባች የአማራ አካባቢዎች ለሚላኩ ሕሙማንም ትልቁ ማከሚያ ነው። ሆስፒታሉ የቆመበት ሰፈር ቀድሞም የሐዘን ስም ነበረው፤ ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. የኤርትራ አውሮፕላኖች የአይደርን ትምህርት ቤት ደብድበው ሕፃናትን ጨምሮ በርካታ ሰላማውያን ገድለዋል።

እንደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል ሁሉ በመቐለም የታመመ ሰው ሐኪም ቤትም ጸበልም ይሄዳል። ከዚህ የሚነሣው የቆየ ጥያቄ፣ መድኃኒት መውሰድ እምነትን ያጎድላል ወይ የሚል ነው። የቤተ ክርስቲያን መልስ ግልጽ ነው። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምንም መድኃኒትንም የእግዚአብሔር ፍጥረት ያደርጋል፤ ታማሚው እንዲጸልይ ያዝዝና ወዲያው ለሐኪሙ ስፍራ እንዲሰጥ ይመክራል። ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ የሚጠራው ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው ክፍለ ዘመን በቂሣርያ ሕሙማን የሚታከሙበት ትልቅ መጠለያ አቋቁሟል። በኤች አይ ቪ መድኃኒት ላይ ክርክር በበረታበት በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉና መድኃኒቱ አብረው እንዲወሰዱ በይፋ መክረዋል።

ይህ ክርክር ግን አንድ ነገር አስቀድሞ ይዞ ይነሣል፤ መድኃኒቱ አለ፣ ሰውየው ይመርጣል ይላል። በትግራይ ጦርነት ጊዜ፣ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም.፣ አይደር ውስጥ ምርጫው ራሱ ጠፋ። መንገድ፣ ባንክና ስልክ ተቋርጦ ሐኪሞች ያለ ደመወዝ ሠሩ፤ የአንድ ጊዜ ጓንት አጥበው ደግመው ተጠቀሙ፤ የስኳርና የካንሰር ሕሙማን ማዳን እየተቻለ ሲሞቱ ማየታቸውን በመግለጫ ተናገሩ። እንዲህ ያለውን ሞት «የፈጣሪ ፈቃድ» ብሎ ማለፍ ለሐዘንተኛው ማጽናኛ ሊሆን ይችል ይሆናል፤ ለነገረ መለኮት ግን ስንፍና ነው። ባስልዮስ ራሱ እግዚአብሔር የክፉ ነገር ምንጭ አለመሆኑን ባስተማረበት ስብከቱ፣ ከሰው ፈቃድ የሚወጣውን ክፋት ከሌላው መከራ ለይቶታል። በዘመኑ ረሃብ በገባ ጊዜም ሕዝቡን ጸሎትና ንስሐ ሲያዝዝ፣ ጎተራቸውን የዘጉትን ባለጸጎች በስብከቱ ሳይወቅስ አላለፈም። የእህሉ ክርክር ለኢንሱሊንም ይሠራል፤ የሚያድነው ነገር በዓለም ሞልቶ ታማሚው ዘንድ ካልደረሰ፣ ጥያቄው ወደ ሰማይ ከመሄዱ በፊት በሰው ደጅ ያልፋል።

ጦርነቱን ለማቆም ከተፈረመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ፣ በኅዳር 2015 ዓ.ም. የቀይ መስቀል መኪናዎች መድኃኒት ጭነው መቐለ ገቡ።