ሰልፈኛውና መንገደኛው



በቅርቡ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከክሬንሾው ወደ ፌርፋክስ ለቡና ስሄድ መንገድ ተዘግቶ ቆምኩ። የቤት ኪራይ ውድነትን የሚቃወሙ ሰዎች ሰልፍ ወጥተው ነበር። ከኋላዬ ያለው ሾፌር ጥሩምባውን ይነፋል። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሰዓቴን እያየሁ አጉረመረምኩ። ቡና ቤት ስደርስ ለሚጠብቁኝ ወዳጆቼ የዘገየሁበትን ምክንያት ነገርኳቸው፤ ሁሉም ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ስድስት ሰዎች ነበርን፤ ከስድስታችን አምስታችን ቤት ተከራይተን የምንኖር ነን። ነገር ግን «ሰዎቹ ምን ፈልገው ነው?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔም ብጠየቅ ኖሮ መልስ አልነበረኝም።

ማታ ቤቴ ገብቼ ይህን ሳስብ አፈርኩ። ሰልፉ የእኛው ጉዳይ ነበር፤ እኛ ግን የመንገዱን መዘጋት ብቻ አይተን አለፍን። ጥፋቱ የማን ነው? ጉዳዩ የሚመለከተውን ሰው እንኳ ማሳመን ያልቻለው የሰልፈኛው ነው? ወይስ ጆሮውን የደፈነው የመንገደኛው? ደግሞስ አንድ ጥያቄ ትክክል ከሆነ የብዙኃኑን ይሁንታ መለመን ይገባዋል? ዛሬ ከእርስዎ ጋር ልወያይበት የፈለግሁት ይህንኑ ነው።

እስቲ ከአገር ቤት እንጀምር። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ ሲሄዱ እኔ ገና ሕፃን ነበርኩ። ጥያቄያቸው እውነተኛ ነበር። በብዙ የአገራችን ክፍል ጭሰኛው ካመረተው ሲሶውን፣ አንዳንዴም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ይሰጥ ነበር። ይሁን እንጂ በአዲስ አበባ፣ በጉለሌ እንጀራ እየጋገረች በመሸጥ ለምታሳድገን እናቴ፣ ነገሩ የሩቅ ወሬ ነበር። ተማሪዎቹን «ጥጋበኞች» ትላቸው እንደነበር አስታውሳለሁ። መንግሥት እያበላቸው፣ እያስተማራቸው ምን ጎደለባቸው ትላለች። ክፉ ሴት ሆና አይደለም። እሷ መሬት የላትም፤ ጭሰኛም አይደለችም። የእሷ ጭንቀት የጤፍና የማገዶ ዋጋ ነው።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። በ1966 ዓ.ም. የዓለም የነዳጅ ዋጋ ናረና መንግሥት የቤንዚን ዋጋ ጨመረ። የካቲት 11 ቀን ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። በዚያው ሰሞን መምህራን ሥራ አቆሙ፤ ምክንያታቸው አንድም የደመወዝ ጉዳይ፣ አንድም «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ዕቅድ ነበር። ዕቅዱ አብዛኞቹን ልጆች ከጥቂት ዓመት ትምህርት በኋላ ወደ እርሻና ወደ እጅ ሥራ የሚሸኝ ነው ተብሎ በየቤቱ ተወራ። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ፤ ታናሽ እኅቴ ሦስተኛ። እናቴ ይህን የሰማች ዕለት ምጣዱን ጥዳ መጋገሩን ረሳች። «ልጄ ከአራተኛ ክፍል ወጥታ እንደኔ ጭስ ልትታጠን ነው?» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተማሪዎቹን ጥጋበኞች ስትል ሰምቼ አላውቅም።

የእናቴን ዓይነት ለውጥ ያደረገው ሰው ብዙ ነበር። ወላጅ ከመምህሩ ጋር ቆመ። መንግሥት ዕቅዱን ለጊዜው ተወው፤ የቤንዚኑንም ዋጋ በከፊል ቀነሰ። ወታደሩም በየጦር ሠፈሩ የደመወዝ ጥያቄ አንሥቶ ነበርና፣ የካቲት ሳያልቅ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። የካቲት 28 ቀን የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ መታ። ሚያዝያ 12 ቀን ደግሞ ሙስሊም ወገኖቻችን ለእኩልነት ታላቅ ሰልፍ ሲወጡ፣ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጡ።

ልብ ይበሉ፤ በ1957 ዓ.ም. የነበረው ጥያቄ በ1966 ዓ.ም. የበለጠ ትክክል አልሆነም። የጭሰኛው ዕዳ ያው ነው። የተለወጠው ነገር ቢኖር፣ ፍትሕ የሚለው ትልቅ ቃል በጓዳ በር ገብቶ በእናት ቋንቋ መናገሩ ነው፤ የታክሲ ሒሳብ፣ የልጅ ትምህርት፣ የወር ደመወዝ ሆነ። ሰው ለሐሳብ አይነሣም ማለቴ አይደለም፤ የሚነሡ አሉ፤ ሕይወታቸውንም የሰጡ ብዙ ናቸው። አብዛኛው ሕዝብ ግን አስቀድሞ «ይህ ነገር ቤቴ ሲገባ ምን ይመስላል?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው የስስት ጥያቄ አይደለም፤ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ጥያቄ ነው።

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ አንባቢ ሊቃወመኝ ይችላል። «የራሱ ኪስ እስኪነካ ድረስ የሌላው በደል የማይሰማው ሰው ድጋፉ ምን ዋጋ አለው? ፍትሕ ገበያ ነች እንዴ?» ሊለኝ ይችላል። ተገቢ ተቃውሞ ነው። መልሴን ከዚያችው ከእናቴ ልውሰድ። የእኅቴ ነገር ካስደነገጣት በኋላ፣ አንድ ማታ ስለ ጭሰኞች ሲወራ ዝም ብላ ስታዳምጥ ቆየችና «ለካ የእነሱም ልጆች እንደኔዋ ናቸው» አለች። የራሷ ሕመም የሌላውን መለኪያ ቁና ሆነላት። ሰው ከራሱ ቢጀምር ነውር የለበትም፤ ነውሩ ከራሱ ጀምሮ እዚያው መቅረቱ ነው። ጥሩ ንቅናቄ ማለት ከራሳችን ጉዳይ አስነሥቶ ወደ ጎረቤታችን ጉዳይ የሚያደርሰን ነው።

አሁን ወዳለንበት ከተማ እንምጣ። ከመካከላችን ብዙዎቻችን ሎስ አንጀለስ እንደመጣን መኪና ሳንገዛ በአውቶቡስ ተንከራተናል። በክሬንሾው የሚመላለሰውን 210 ቁጥር አውቶቡስ ሲጠብቅ ያልቆመ የሠፈራችን ሰው ስንት ነው? እ.ኤ.አ. በ1994 የከተማው የመጓጓዣ ባለሥልጣን ታሪፉን ከአንድ ዶላር ከአሥር ሳንቲም ወደ አንድ ዶላር ከሠላሳ አምስት ሳንቲም ከፍ ለማድረግና የ42 ዶላሩን ወርኃዊ ፓስ ለማስቀረት ወሰነ። ብዙ ገንዘብ ለባቡር መስመር እየዋለ፣ የከተማው ድኻ የሚሳፈርበት አውቶቡስ ግን ሰው በሰው ላይ እየጫነ ነበር።

ያን ጊዜ «የአውቶቡስ ተሳፋሪዎች ማኅበር» የተባለው ድርጅት ያደረገውን ይመልከቱ። ስብሰባ ጠርተው ሰው እስኪመጣ አልጠበቁም። ራሳቸው አውቶቡስ ላይ ተሳፈሩ። ከወንበር ወንበር እየሄዱ የቤት ሠራተኛዋን፣ የሆቴል ጽዳት ሠራተኛዋን፣ ተማሪውን በእንግሊዝኛ፣ በስፓኒሽ፣ በኮሪያኛ አነጋገሩ። ስለ ሥርዓት መለወጥ የራሳቸው ሰፊ ሐሳብ ነበራቸው፤ ለተሳፋሪው ግን ፓሱ እንዳይነሣ፣ አውቶቡስ እንዲጨመር ብለው በማንም ሰው ሒሳብ ሊገባ በሚችል ቋንቋ ነገሩት። ጉዳዩንም የሲቪል መብት ጥያቄ አድርገው ፍርድ ቤት ወሰዱት። ፍርድ ቤቱ በ1994 ውሳኔውን ለጊዜው አገደ፤ በ1996 ባለሥልጣኑ ለአሥር ዓመት የሚጸና ስምምነት ፈረመ። ፓሱ ሳይነሣ ቀረ፤ መጨናነቁን ለመቀነስም ግዴታ ገባ።

ከዚህ የምንማረው አንደኛው ነገር፣ ሰልፈኛው መንገደኛው ወዳለበት መሄድ እንዳለበት ነው። ሁለተኛው የወጪ ጉዳይ ነው። ማናቸውም ተቃውሞ ዋጋ ያስከፍላል፤ ጥያቄው ዋጋውን አስቀድሞ የሚከፍለው ማን ነው የሚለው ነው። በክሬንሾው ጎረቤቶቻችን የሆኑት ጥቁር አሜሪካውያን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 1955 ጀምሮ በሞንትጎመሪ ከተማ በአውቶቡስ አንሳፈርም ብለው 381 ቀን በእግራቸው ሲሄዱ፣ የደከመው የራሳቸው እግር ነው። ዓለምን ያሳመነውም ይኸው ነው። ራሱ እየደከመ የሚለምንን ሰው ማለፍ ይከብዳል።

በዚህ ረገድ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2003 በደቡብ ካሊፎርኒያ የትልልቅ ምግብ መደብሮች ሠራተኞች በሕክምና ኢንሹራንስ ጉዳይ ሥራ አቆሙ። እኔ ለለቅሶ ቤት ሽንኩርትና ዘይት ለመግዛት ቸኩዬ ወደ አንዱ መደብር ስደርስ፣ በር ላይ የቆመ ወጣት ጮኸብኝ፤ ሰደበኝም። እልህ ያዘኝና ገባሁ። ከሚያስፈልገኝም በላይ ገዝቼ ወጣሁ። በሳምንቱ ተመልሼ ስሄድ በሩ ላይ ያገኘኋት ዘወትር ሒሳብ የምትቀበለኝን ሴትዮ ነበር። የሰላምታዬን መልስ ሰጥታ ስለ ልጆቼ ጠየቀችኝ። ከዚያም «እኔም ሁለት አሉኝ፤ ስለ ሕክምናቸው ነው የቆምኩት። የማኅበራችን ሰዎች የማይቆሙበት ሌላ መደብር እዚያ ማዶ አለ» አለችኝ። ወደ ማዶ ሄድኩ፤ አድማው እስኪያበቃ ወደዚያ በር አልተመለስኩም። ሁለቱም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነበር። ወጣቱ ግን ጠላቱ አደረገኝ፤ እሷ ምስክሯ አደረገችኝ።

እርግጥ ነው፣ የመንገደኛው ድጋፍ ብቻውን ድል አያመጣም። ብዙ ሸማች ከሠራተኞቹ ጋር ቆሞ ሳለ አድማው ከአራት ወር በላይ ፈጅቶ በየካቲት 2004 ሲያበቃ፣ አዲስ የሚቀጠሩት ከነባሮቹ ያነሰ ክፍያና ጥቅም እንዲያገኙ የሚያደርግ ውል ነበር የተፈረመው። ይህን የምጽፈው ትሕትና ሁሉን ያሸንፋል ብዬ እንዳላታልልዎ ነው። ያለ መንገደኛው ግን ያቺም ሴትዮ አራት ወር መቆም ባልቻለች ነበር።

ሦስተኛውና ከባዱ ነገር ከድል በኋላ ያለው ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ወረዱ፤ ሥልጣኑን የያዘው ግን ሰልፈኛው ሳይሆን ጠመንጃ የያዘው ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ አዲስ አበባ በደስታ ሰልፍ ተጥለቀለቀች። እናቴ ከጎረቤቶቿ ጋር ወጥታ እልል ስትል አይቻለሁ፤ ደስታው የውሸት አልነበረም። ጭሰኝነት ቀረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጣና የእናቴም ኪራይ ቀለለ።

ሆኖም ለውጡን የሚጠብቁ ማኅበራት፣ የሠራተኛው፣ የመምህሩ፣ የተማሪው፣ አንድ በአንድ ተዘጉ ወይም የመንግሥት አገልጋይ ሆኑ። ገበሬው መሬት አገኘ፤ ቆይቶ ግን እህሉን መንግሥት በተመነው ዋጋ በኮታ እንዲያቀርብ ተገደደ። በ1970 ዓ.ም. አንድ ሌሊት የታጠቁ ሰዎች መጥተው ታላቅ ወንድሜን ወሰዱት። አልተመለሰም። እናቴ እስክትሞት ድረስ በዚያች ኪራይዋ በቀለለላት ቤት ውስጥ በሩን እያየች ኖረች። «ኪራዩንስ ቀነሱልኝ» ትል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አትጨርሰውም።

ስለዚህ ለዚያ አስተዋይ አንባቢ ቀሪ መልሴ ይህ ነው። እውነት በድምፅ ብልጫ እውነት አትሆንም፤ «መሬት ላራሹ» ሃምሳ ሰው ሲለውም ሚሊዮን ሲለውም ያው እውነት ነበር። ነገር ግን ለውጥ በሰው ቤት ውስጥ የሚገባ ነገር ነውና ባለቤቱ ማወቅ፣ መጠየቅ፣ እምቢ ማለትም መቻል አለበት። ሕዝብ ያጨበጨበለት ነገር ሁሉ ሕዝብ የያዘው አይደለም። ሕዝቡን ማሳመን አድካሚ ነው ብሎ በአቋራጭ የሚሄድ፣ ዛሬ ስለ ሕዝቡ ያዛል፤ ነገ በሕዝቡ ላይ ያዛል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለጉልበት ብቻ አይደለም። ሎሚውን ሃምሳ ሰው ከያዘው አንዱ ብቻውን ይዞት ሊሄድ አይችልም።

ይህን ካልኩ በኋላ ሸክሙን ሁሉ በሰልፈኛው ላይ ጥዬ ብሄድ ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። ሰልፈኛው በቋንቋችን ሊያናግረን፣ ወዳለንበት ሊመጣ፣ ሳይሰድበን ሊለምነን ይገባዋል። እኛ መንገደኞቹስ? በስደት ስንኖር «የሰው አገር ነው፣ ምን አገባን» የምትል ቃል ለምደናል። ልጆቻችን ግን እዚህ ተወልደው እዚህ ኪራይ የሚከፍሉ ናቸው። ቢያንስ አንዲት ጥያቄ የመጠየቅ ግዴታ ያለብን ይመስለኛል፤ ደግፉ አልልም፣ ጠይቁ ነው የምለው።

ባለፈው ሳምንት በክሬንሾው አንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ ወረቀት ከምታድል ልጅ አንድ ተቀበልኩና ቡና ቤት ይዤ ሄድኩ። ስድስታችን አነበብነው። ሁለቱ ተስማሙ፤ አንዱ ቤት አከራይ ነውና አጥብቆ ተቃወመ፤ እኔን ጨምሮ ሦስታችን ገና አልወሰንም። ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ተከራከርን። አከራዩ ወዳጃችን ሲነሣ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። «ለባለቤቴ ላሳያት» አለ።

ቸር ይግጠመን።