ስለ እሳትና ስለ ቀላይ

እግዚአብሔር በዐውሎ ነፋስ ውስጥ ሆኖ ኢዮብን ከጠየቀው አንዱ፣ ወደ ባሕር ምንጭ ገብቶ በቀላይ ጥልቀት ተመላልሶ እንደ ሆነ ነበር፤ ያ ጻድቅም የሚመልሰው ቢያጣ እጁን በአፉ ላይ ጫነ። ሁለቱ ፈረንሳውያን ኩስቶና ጋኛን በ1943 እ.ኤ.አ. የታመቀ አየርን ለጠላቂው እየመጠነ የሚሰጥ መሣሪያ ካበጁ ወዲህ ግን፣ የጥቂት ቀን ትምህርት የተቀበለ ጀማሪ ሁሉ ሲሊንደሩን አዝሎ እስከ 18 ሜትር ይወርዳልና፣ ጥያቄው ዛሬ ቢቀርብ «አዎን፣ ገብቼ ነበር» የሚል ደፋር አይታጣም።

ይህን ሰው በኢንዶኔዥያ፣ ጥልቀቱ ከ7,000 ሜትር በሚያልፈው የባንዳ ባሕር ላይ፣ በባንዳ አፒ እሳተ ገሞራ ግርጌ እናስበው። አስቀድሞ የተማረው ትእዛዝ እስትንፋሱን ከቶ እንዳይዝ ነው፤ በ10 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ ከባሕሩ ገጽ እጥፍ ስለሚሆን፣ እዚያ የሳበውን አየር ቋጥሮ የሚወጣ ሰው፣ አየሩ በደረቱ ውስጥ እየሰፋ ሳንባውን ይቀድደዋል። እንግዲህ ትንፋሹን እየሳበና እየለቀቀ፣ አፍንጫውን ይዞ ጆሮውን እያስከፈተ ሲወርድ፣ ከተራራው ፈስሶ በባሕር የረጋውን ጥቁር ዐለት ያገኛል፤ ዐለቱም ራቁቱን አይደለም። እሳቱ የገነፈለው ግንቦት 1 ቀን 1980 ዓ.ም. ሲሆን (የልደታ ዕለት መሆኑ ግጥምጥሞሽ ነው፤ ምሥጢር አልፈልግበትም) በመንገዱ ያገኘውን ኮራል ሁሉ ቀብሮት ነበር። ከ5 ዓመት በኋላ ሊቃውንት ሲመረምሩ በዚያው ዐለት ላይ 124 ዓይነት ኮራል በቅሎ አገኙ፤ አንዳንዱም እንደ ሰፌድ ተዘርግቶ ወርዱ ከ90 ሳንቲ ሜትር አልፎ ነበር፤ የዓይነቱም ብዛት እሳት ካልነካው ጎረቤቱ በልጦ ተገኘ።

ጀማሪው ይህን ባየ ጊዜ፣ መዓት የምሕረት መንገድ ጠራጊ ነው ብሎ ለመደምደም ይቸኩላል፤ ብዙ ሰባክያንም እንዲሁ ይቸኩላሉ። እኔ ግን እጠራጠራለሁ። የተቀበረው ኮራል ደንጊያ ቢመስልም ሕያው እንስሳ ነበር፤ ዛሬ በስፍራው የሚያብበውም ሌላ ፍጡር ነው እንጂ የእርሱ ትንሣኤ አይደለም። ኢዮብ እንኳ ከብቱ እጥፍ ሆኖ ሲመለስለት፣ ልጆቹ እንደ ቀድሞው 7 ወንዶችና 3 ሴቶች ብቻ ነበሩ፤ የኋለኞቹ የፊተኞቹ ካሣ ናቸው የሚል ቃልም በመጽሐፉ አልተጻፈም።

ይህ ስለ ኮራል ሲነገር የተራቀቀ ክርክር ይመስል ይሆናል፤ ከባሕሩ ወጥቶ ስለ ሰው ሲነገር ግን ይከብዳል። በ1621 እ.ኤ.አ. የሆላንድ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ጠቅላይ ገዢ የነበረው ያን ፒተርስዞን ኩን፣ እኛም በወጥ ቤታችን የምናውቀው የገውዝ ንግድ በኩባንያው እጅ ብቻ እንዲሆን ሲል የባንዳን ሕዝብ በሰይፍና በረኀብ ፈጀው፣ የተረፈውንም በባርነት አጋዘው፤ ባዶ በቀረው ምድርም ከሌላ አገር የተጋዙ ባሮች ገውዙን አለሙ፤ ተክሉም ለመለመ። እሳት ፈቃድ የለውም፤ ኩን ነበረው፤ በዚህ ሁለቱ ይለያያሉ። ሆኖም ከጥፋቱ በኋላ የመጣውን ልምላሜ ቈጥሮ ጥፋቱን «ለበጎ ነበር» የሚለው አንደበት በሁለቱም ስፍራ አንድ ነው። ከኩን ያመለጡት ወደ ኬይ ደሴቶች ተሰደዋል፤ የልጅ ልጆቻቸውም እስከ ዛሬ በባንዳ ቋንቋ ይነጋገራሉ፤ ያን ቃል በእነርሱ ጉባኤ ቆሞ ሊናገር የሚደፍር ሰባኪ ግን አላውቅም።