በሰው ሐቅ ይቅር ማለት ይቻላልን?

ጎረቤታችሁ ተደብድቦ ሳለ እናንተ ሄዳችሁ ደብዳቢውን «ይቅር ብዬሃለሁ» ብትሉት ምን ትባላላችሁ? ነገሩ ቀልድ ይመስላል። ይሁንና ሴራሊዮን የተባለችው የምዕራብ አፍሪካ አገር በዚሁ ጥያቄ ተፈትናለች።

አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም ነው። በ1930 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አልማዝ ተገኘባት፤ ሀብቱ ግን ለትምህርት ቤትና ለመንገድ ሳይሆን ለባለሥልጣናትና ለኮንትሮባንድ ነጋዴዎች ሲሳይ ሆነ። በ1991 በፎዴይ ሳንኮ የሚመሩ ታጣቂዎች ይህን ብልሹ አሠራር እናስወግዳለን ብለው ከላይቤሪያ በኩል ገቡ። ከዚያ አልማዙን ራሳቸው ያዙት። በ1996 ሕዝቡ ለምርጫ ሲዘጋጅ ድምፅ እንዳይሰጥ የሰላማዊ ሰዎችን እጅ ቆረጡ። አዎን፣ እጅ። ሕዝቡ ግን ወጥቶ መረጠ፤ አሕመድ ቴጃን ካባህም ፕሬዚዳንት ሆኑ።

በጃንዋሪ 1999 ታጣቂዎቹ ዋና ከተማዋን ፍሪታውንን ወረሩ፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው አለቀ። ከስድስት ወር በኋላ በቶጎዋ ከተማ በሎሜ የሰላም ውል ተፈረመ። በውሉ መሠረት ለታጣቂዎቹ ሁሉ ምሕረት ተደረገ። ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ በፊት ሞት የተፈረደበት ሳንኮም በምክትል ፕሬዚዳንት ማዕረግ አልማዙን የሚያስተዳድረው ኮሚሽን ሊቀ መንበር ተደረገ!

ለመፍረድ አንቸኩል። የካባህ ጦር ራሱ በ1997 መፈንቅለ መንግሥት አድርጎባቸው ነበር፤ ሲከላከሉላቸው የነበሩት የናይጄሪያ ወታደሮችም ሊወጡ ነው። ጦርነቱ በዋለ ባደረ ቁጥር ሌላ እጅ ይቆረጣል። አንድ ደረሳዬ «ታዲያ ይዋጉ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። አይዋጉ አልኩት።

ነገር ግን በዲናችን ይቅርታው የተበዳዩ ነው፤ የተገደለ እንደሆነም የወራሾቹ። ዳኛው በእነርሱ ቦታ ገብቶ ይቅር አይልም። መንግሥት «አልከስህም» ማለት ይችል ይሆናል፣ ያ የራሱ ነው። «ይቅር ተብለሃል» ማለት ግን እጇ የተቆረጠችው እናት ሐቅ ነው፤ እርሷን ደግሞ ሎሜ ላይ የጠየቃት የለም። የተባበሩት መንግሥታት ተወካይ እንኳ ምሕረቱ እንደ ጦር ወንጀል ያሉትን ከባድ ወንጀሎች አይመለከትም የሚል ቃል ጨምረው ነው የፈረሙት። አልማዙን መስጠትማ ምሕረትም አይደለም፣ ደመወዝ ነው።

ውሉ ዓመት አልሞላም። በሜይ 2000 ታጣቂዎቹ በመቶ የሚቆጠሩ የሰላም አስከባሪዎችን አገቱ፤ ሳንኮም ተያዘና ፍርድ ሳያገኝ በ2003 በእስር ሞተ። በሌላ በኩል ከ70 ሺህ በላይ ተዋጊዎች ትጥቃቸውን ፈትተዋል። ከእነርሱ ብዙዎቹ በልጅነታቸው ታፍነው የተወሰዱ ናቸው። እነዚህን ሁሉ እንክሰስ ቢባል ማን መሣሪያውን ያስቀምጥ ነበር? እዚህ ላይ እኔም ቁርጥ ያለ መልስ የለኝም።

ጦርነቱ በ2002 አበቃ። በ2007 ገዢው ፓርቲ በምርጫ ተሸንፎ ሥልጣኑን በሰላም አስረከበ፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ልዩ ፍርድ ቤት ተቋቁሞም ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት 9 ሰዎችን ጥፋተኛ አለ፤ ከእነርሱም አንዱ የላይቤሪያው ቻርልስ ቴይለር ነበር። ለተጎጂዎች ጊዜያዊ ካሣ መከፈል የጀመረው ጦርነቱ ካበቃ ከ6 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ ለብዙዎቹ የደረሳቸው 100 ዶላር ያህል ነበር። እጅ የሌለው ገበሬ በዚያ ገንዘብ ዘር ይገዛ ይሆናል። የሚዘራለት ሰው ግን መቅጠር አለበት።