ጨጓራን ማስቆረጥ ይገባልን?

ሰው ከአካሉ አንዱን ክፍል ለሐኪም ቢላዋ አሳልፎ የሚሰጠው ያ ክፍል ሲታመም ነው፤ የመረቀዘ ጣት ይቆረጣል፤ የነቀዘ ጥርስም ይነቀላል። ክብደትን ለመቀነስ ሲባል ደኅናውን ጨጓራ ማስቆረጥ ግን ከዚህ የተለየ ነገር ስለሆነ፣ የሕክምና ጥያቄ ብቻ ሳይሆን የሕሊናም ጥያቄ ይሆናል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ በዚህ ጉዳይ ምክር ጠየቀኝ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70፣ ክብደቱ 120 ኪሎ ሲሆን የስኳር በሽታም አለበት። እኔም ብዙ ሳላስብ፣ «ወንድሜ፣ እጅህን ከገበታ መሰብሰብ ሲቻልህ ስለ ምን ወደ ቢላዋ ትሮጣለህ?» አልሁት። እርሱ ፈገግ ብሎ ዝም አለ። ዐቢይ ጾምን ከእኔ ይልቅ አጥብቆ የሚጾም ሰው መሆኑ ትዝ ያለኝ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። በ55ቱ ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምስን ሰው ሆዱን መግዛት አቃተው ማለት እንዴት ይቻላል?

ነገሩን ስመረምር ስሕተቴ ይበልጥ ታየኝ። ሰው በከሳ ጊዜ ሰውነቱ የጎደለበትን ለማስመለስ ይታገላል፤ ረኀብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለው ሆርሞን ይበዛል፤ ሰውነት የሚያቃጥለውም ኃይል ያንሳል። ብዙ ሰው የቀነሰው ኪሎ የሚመለስበት ስለዚህ ጭምር ነው። ዛሬ በብዛት የሚሠራው ስሊቭ የተባለው ቀዶ ጥገና ከጨጓራው ከአምስት አራት እጅ ያህሉን ያስወግዳል፤ ግሬሊን በብዛት የሚመነጨውም ከዚሁ ከሚወገደው ክፍል ነው። በስዊድን አገር እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረ ጥናት፣ በ2007 በወጣው ውጤቱ፣ በልዩ ልዩ ዘዴ እንዲህ ያለ ቀዶ ጥገና ካደረጉት መካከል የሞቱት ካላደረጉት ያነሱ መሆናቸውን አሳይቷል። እንግዲህ የሰነፍ መንገድ ነው የሚለው ወቀሳ የሚጸና አይመስለኝም።

ይሁን እንጂ በስሊቭ የተቆረጠው ጨጓራ አይመለስም። ቫይታሚን፣ ብረትና ካልሲየም ዕድሜ ልክ መከታተል ያስፈልጋል፤ ኪሎው ከዓመታት በኋላ የሚመለስባቸውም አሉ። ጾመኛም የሆነ ሰው፣ ጥቂት ብቻ በሚይዝ ጨጓራ ከምስርና ከሽምብራ በቂ ፕሮቲን ማግኘት ቀላል አይደለምና፣ አስቀድሞ ከሐኪሙም ከንስሓ አባቱም ጋር ሊነጋገርበት ይገባዋል።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን ሰው ወደዚህ የሚሄድበት ምክንያት ነው። በልጅነታችን «ወፈርህ» መባል እንደ ምርቃት ይቆጠር ነበር፤ ዛሬ በከተማው ስድብ ወደ መሆን ተቃርቧል። ሐኪሞች በ1991 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ባወጡት መመሪያ፣ የባልደረባዬን ቁመት ያህል ላለው ሰው ልኩ 116 ኪሎ ግድም፣ ተያያዥ ከባድ በሽታ ካለበትም 101 ኪሎ ነበር፤ በ2022 የወጣው አዲሱ ምክር ግን በሽታ ባይኖርም 101 ኪሎው ይበቃል ይላል። ሚዛኑ ኪሎን እንጂ ኀፍረትን አይለካም። ለሰው ዓይን ብሎ ጨጓራውን የሚሰጥ ሰው፣ ነገ የሰው ዓይን ሌላ ነውር ቢያገኝበት ምን ሊሰጥ ነው? በአንጻሩ ስኳሩ ዓይኑንና ኩላሊቱን ሳይጎዳበት ልጆቹን ለማሳደግ የሚሻውን ሰው፣ ስለ ምን ትቆረጣለህ የምልበት አፍ የለኝም።

በማግሥቱ ባልደረባዬን ይቅርታ ጠየቅሁት። እርሱም፣ «ቢላዋውስ አያስፈራኝም፤ እናቴ በእጅዋ ስታጎርሰኝ በቃኝ የምልበት ቀን ነው የሚያስፈራኝ» አለኝ። እስካሁን አልወሰነም። የሚመጣው ማክሰኞ የሐኪም ቀጠሮ አለው፤ አብሬው እሄዳለሁ።