የመስገጃዋ ደሴትና የእኛ ጥድፊያ



ሰው ለምን ይጓዛል? ለንግድ፣ ለዕውቀት፣ ለዝምድና፣ ለሐጅ ብትሉ ልክ ናችሁ። ቁርኣን ግን አንድ ሌላ ምክንያት ይጨምርልናል። በሱረቱ አል-ዐንከቡት 20ኛው አንቀጽ ሰዎች በምድር ላይ ሄደው አላህ (ሱ.ወ.) ፍጥረትን እንዴት እንደ ጀመረ እንዲመለከቱ ታዘዋል። ልብ በሉ፤ የታዘዘው መሄድ ብቻ አይደለም፣ መመልከትም ነው። መሄዱን ብዙዎቻችን እንችልበታለን። መመልከት ግን ጊዜ ይጠይቃል፤ ጊዜ ደግሞ ከገንዘብ ይልቅ የምንሰስትለት ነገር ሆኗል።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ ወደ ፔምባ ያደረግሁት ጉዞ ነው። ፔምባ ከታንዛኒያ የባሕር ጠረፍ ማዶ የምትገኝ የዛንዚባር ደሴት ስትሆን ነዋሪዎቿ ከሞላ ጎደል ሙስሊሞች ናቸው። ኮረብታዋ ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ የምትታወቀውም በቅርንፉዷ ነው። በዚህች ደሴት ብቻ የሚገኝ ፍራፍሬ በል ትልቅ የሌሊት ወፍ አለ፤ ክንፉ ሲዘረጋ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ላይ በአደንና በደን ምንጠራ ምክንያት ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። የየመንደሩ ሰዎች ተደራጅተው ማደሪያ ዛፎቹን ስለጠበቁለት ግን እንደገና በዛ። በመቶ የሚቆጠሩት በአንድ ዛፍ ላይ ቁልቁል ተንጠልጥለው፣ ሲጨቃጨቁ፣ ልጆቻቸውን በክንፋቸው ሲያቅፉ ላየ ሰው፣ እንስሳትና አእዋፍ እንደኛው ሕዝቦች መሆናቸውን የሚነግረው የሱረቱ አል-አንዓም 38ኛ አንቀጽ እንግዳ አይሆንበትም።

የአገሩ ሰዎች «ሐራካ ሐራካ ሐይና ባራካ» የሚል ተረት አላቸው። ጥድፊያ በረካ የለውም ማለት ነው። እኛም «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንላለን፤ የእኛው የሚያስጠነቅቀን ስለ ጠፋው ድካም ነው፣ የእነርሱ ግን ስለ ጠፋው በረካ። ይሁን እንጂ ይህን ሰምቶ «የደሴት ሰው እንዴት ተረጋግቶ ይኖራል!» ብሎ መቅናት የእንግዳ የዋህነት ነው። እኔም በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዲሁ ቀንቼ ነበር። ሚሳሊን ሳይ ነው ነገሩ የተገለበጠብኝ።

ሚሳሊ ከፔምባ በስተምዕራብ ያለች፣ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ የማትሞላ ደሴት ናት። አረንጓዴው የባሕር ኤሊ ወደ አሸዋዋ እየወጣ እንቁላሉን ይቀብራል፤ ዙሪያዋን የከበበው የኮራል ቋጥኝም የዓሣ መራቢያ ነው። ስሟ የመጣው መስገጃ ከሚለው የስዋሒሊ ቃል ነው ይላሉ። ሽማግሌዎቹ እንደሚተርኩት ኸድር (ዐ.ሰ.) ወደዚያ መጥተው ዓሣ አጥማጆችን መስገጃ ቢጠይቁ አጡ፤ እርሳቸውም ደሴቲቱን ራሷን መስገጃቸው አደረጓት። ይህ የሰዎች ትውፊት እንጂ በሐዲሥ የተረጋገጠ ነገር አይደለምና እንደ እምነት አንይዘውም። ነገር ግን አንዲትን መሬት እንደ መስገጃ የሚያያት ሕዝብ እንዴት ሊይዛት እንደሚገባ ለመገመት አያዳግትም።

ታዲያ በዚያው ባሕር ላይ ድማሚት እየወረወሩ ዓሣ የሚያጠምዱ ነበሩ። ድማሚቱ ሲፈነዳ ትልቁም ጫጩቱም ይሞታል፤ ለማደግ አሥርተ ዓመታት የፈጀበት ኮራልም በቅጽበት ይደቅቃል። ከዚህ የባሰ ጥድፊያ ከየት ይመጣል? ግን ፍረዱ፤ ወርዋሪው የልጆቹን የማታ እራት የሚያስብ ሰው ነው። ዝግታ የጠገበ ሰው ነገር ሊሆን ይችላል። እኔ ለዕረፍት ብዬ በገንዘቤ የገዛሁትን እርጋታ፣ እርሱ ከየት አምጥቶ ይግዛው?

በ1998 (እ.ኤ.አ.) ሚሳሊ የተጠበቀ ክልል ተባለች፤ ከምዕራብ በኩል ያለው ባሕርም ለዓሣ ማጥመድ ተዘጋ። ሕግ ብቻውን ግን ባሕርን አይጠብቅም። ጀልባው ብዙ ነው፣ ጠባቂው ጥቂት። ከዚያ በኋላ በፈዝሉን ኻሊድ የተመሠረተው፣ መቀመጫው በእንግሊዝ አገር በርሚንግሃም የሆነ ኢስላማዊ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ከአካባቢው ሰዎች ጋር ሆኖ ለኢማሞች፣ ለመምህራንና ለዓሣ አጥማጆች ትምህርት ሰጠ። ትምህርቱ አዲስ ነገር አልነበረም፤ የሰው ልጅ በምድር ላይ ኸሊፋ መሆኑ፣ ማባከን መከልከሉ፣ ፍጥረት ሚዛን ያለው መሆኑ። ከመንግሥት ትእዛዝ ማምለጥ ቢቻልም ከአላህ ትእዛዝ ማምለጥ እንደማይቻል የተናገሩት ራሳቸው ዓሣ አጥማጆቹ ናቸው።

ይህን ሳስብ የኸድርና የሙሳ (ዐ.ሰ.) ታሪክ ትዝ አለኝ። በሱረቱ አል-ከህፍ ኸድር የድሆችን ጀልባ ሆን ብለው ሲያበላሹ ሙሳ ተቆጡ። በኋላ እንደ ተገለጸው፣ ደህና ጀልባ ሁሉ እየነጠቀ የሚወስድ ንጉሥ ነበረና ጉዳቱ ጀልባዋን አዳናት። ባሕርን ለድሃ መዝጋትም በመጀመሪያ ሲያዩት በደል ይመስላል። ነገር ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ኸድር ያንን ያደረጉት ከአላህ በተሰጣቸው ዕውቀት ነው። የዛሬ ባለሥልጣንና ባለሙያ እንዲህ ያለ ዕውቀት የለውምና ጀልባውን ከመንካቱ በፊት ባለ ጀልባውን መጠየቅ ግዴታው ነው። ሳይጠይቅ ዘግቶ «ለእናንተው ነው» የሚል ሰው ኸድርን መምሰሉ ሳይሆን ራሱን ማታለሉ ነው።

አሁን ደግሞ የራሴን ልናገር። ሚሳሊ የደረስነው ረፋድ ላይ ነበር። ዙህር ሲደርስ ከጀልባችን ባለቤት ጋር፣ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፣ አሸዋው ላይ ቆምን። መንገደኛ ነኝና ሁለት ረከዓ ሰግጄ አሰላመትኩና ብድግ አልኩ። ጫማዬን አድርጌ ቦርሳዬን ስይዝ ሽማግሌው ገና ሱጁድ ላይ ነበሩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሶላቱን ያጣደፈውን ሰው ሦስት ጊዜ ተመልሶ እንዲሰግድ እንዳዘዙት አውቃለሁ። ሱጁድን እንደ ቁራ መቆንጠር መከልከሉንም ለልጆቼ አስተምራለሁ። በመስገጃዋ ደሴት ላይ ግን እንደሚያሳድዱት ሰው ሰገድኩ። ምን ያሳድደኝ ነበር? ምንም! የቀረኝ ሥራ ኤሊ ማየት ነበር።

የዐብዱል ቀይስ ልዑካን መዲና በደረሱ ጊዜ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ለማየት ከግመላቸው እየዘለሉ ሮጡ። አል-አሸጅ የሚባለው ግን ወደ ኋላ ቀርቶ ግመሎቹን አሰረ፣ የጓዶቹን ዕቃ ሰበሰበ፣ ልብሱን ቀየረና በእርጋታ መጣ። ነቢዩም አላህ የሚወዳቸው ሁለት ጠባዮች እንዳሉት ነገሩት፤ ትዕግሥትና እርጋታ። እናንት አንባቢያን፣ አል-አሸጅ ሥራ ፈቶ እንዳልተቀመጠ ልብ ትላላችሁ። ከሮጡት ይልቅ ብዙ የሠራው እርሱ ነው። እኔ ግን ለብዙ ዓመታት እርጋታን ከሥራ ማቆም ጋር ሳምታታ ኖሬያለሁ፤ ለዚህም ይመስለኛል አገር አቋርጬ ልፈልገው የሄድኩት።

ኤሊ አላየንም። የሚወጡት በሌሊት ነው። ሽማግሌው ከሣሩ ሥር አሸዋው ጎበጥ ያለበትን አንድ ቦታ በእጃቸው አሳዩኝና እንዳልረግጠው በምልክት ነገሩኝ። ከሥሩ ከመቶ የማያንስ እንቁላል ሊኖር ይችላል፤ ለመፈልፈል ሁለት ወር ገደማ ይፈጅበታል። ከዚያ ከሚወጡት ውስጥ በሕይወት የሚተርፉት ጥቂቶች አድገው እንቁላል እስኪጥሉ ደግሞ አሥርተ ዓመታት ያልፋሉ። ያን ቦታ የሚጠብቀው ዓሣ አጥማጅ ውጤቱን ምናልባት በዕድሜው ላያየው ይችላል።

ለመመለስ ብንነሳ ባሕሩ ሸሽቶ ጀልባዋ አሸዋ ላይ ቀርታለች። «መቼ ነው የሚሞላው?» ብዬ ጠየቅሁ። ሽማግሌው በዐረብኛ «ሶብር» አሉኝና ከጥላው ሥር ተቀመጡ። መረባቸውን አውጥተው የተበጠሰውን መጠገን ጀመሩ። ዐስር እዚያው ደረሰብን፤ ከኋላቸው ቆሜ ሰገድኩ። ሰዓቴን አንድ ጊዜ ሰርቄ ማየቴ ግን አልቀረም።