ሥርዓተ ጾምና ሥርዓተ ባሕርይ

በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ሲገቡ፣ በጭላሎ ተራራ እግር በተቆረቆረችው በአሰላ ከተማ አጥር ለአጥር የሚዋሰኑ ቤተ ሰቦች፣ አንደኛው የመብልን ሰዓት፣ ሁለተኛው ከሰዓቱም ጋር የመብልን ዓይነት ለይተው ሰነበቱ፤ ሙስሊሙ ፀሐይ ስትጠልቅ ወተቱንና ቅቤውን ሲያገኝ፣ ኦርቶዶክሳዊው ግን 55 ቀን ሙሉ ከላምና ከዶሮ የሚገኘውን ሁሉ ተወ። ሐኪሞች ቫይታሚን ኤ የሚሉት፣ የዓይን ብርሃን ያለ እርሱ የማይጸናው ንጥረ ነገር፣ ተዘጋጅቶ የሚገኘው በዚሁ በተተወው መብል፣ በቅቤ፣ በእንቁላል፣ ይልቁንም በጉበት ነው፤ የአርሲ ደጋ የሚመካበት ገብስና ስንዴም ይህ ሀብት የለውም። እንግዲህ ጾምን የሠራው ሕግና ዓይንን የሠራው ጥበብ ከአንድ ምንጭ ናቸው የምንል ሰዎች፣ አንዱ ሌላውን ያፈርሳልን ብለን መጠየቅ ይገባናል።

የበላነው ቅቤ ወይም ጉበት በአንጀት ከሐሞት ጋር ሲሟሟ፣ ቫይታሚኑ ሬቲኖል ሆኖ ወደ አንጀት ግድግዳ ይገባል፤ ከዚያም ዳግመኛ ከስብ ጋር ተጣምሮ በሊምፍ መንገድ ወደ ደም፣ ከደምም ወደ ጉበት ይደርሳል፤ ጉበትም እንደ ትጉህ ገበሬ ጎተራ ለወራት የሚበቃውን አከማችቶ፣ ለዕለቱ የሚያሻውን ብቻ ከተሸካሚ ፕሮቲን ጋር አጣምሮ ይሰዳል። ክምችቱ እስኪመናመን ድረስ በደም ያለው መጠን ብዙም አይዋዥቅምና፣ ጾመኛው ሳያውቀው በጥምቀት የበላውን በሰሙነ ሕማማት ያይበታል። የጾሙ ማዕድም ባዶ አይደለም፤ በጎመን፣ በካሮትና በዱባ ያለው ቤታ ካሮቲን በአንጀት ለሁለት ተሰንጥቆ ወደዚሁ ቫይታሚን ይለወጣል፤ እርግጥ 1 ማይክሮግራም ለማግኘት 12 ማይክሮግራም ያህል ያሻል፣ ዘይት ካልነካውም የሚገባው ጥቂት ነው። አካል ሲጠግብ ከአትክልቱ የሚለውጠውን ይቀንሳል፤ ከእንስሳ የመጣውን ግን በዚያ ልክ መግታት አይችልምና ያለ መጠን የወሰደው ይመረዛል፤ የቀደሙት መምህራን ይህን ቢያውቁ ኖሮ ስንት አንድምታ ያወጡለት ነበር!

ከጉበት የወጣው ሬቲኖል በዓይን ሬቲናል ሆኖ ኦፕሲን ከሚባል ፕሮቲን ጋር ይዋሐዳል፤ ብርሃን ሲነካው ጎባጣ ቅርጹ ይቃናል፣ ያም መቃናት ለአንጎል የሚደርስ ምልክት ያስነሣል፤ ከዚያም ታድሶ እንደ ገና ያገለግላል። ይህን የገለጠው ጆርጅ ዋልድ ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር በስዊድን የኖቤል ሽልማት የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። የሬቲኖል ሁለተኛው ዕጣ ሬቲኖይክ አሲድ መሆን ነው፤ ይህም ወደ ሕዋስ እምብርት ዘልቆ የትኛው ዘረ መል እንዲሠራ፣ የትኛው እንዲያርፍ ያዛል፤ ፅንስ በማኅፀን አካሉ የሚሣለውም በእርሱ ጭምር ነው። የዓይኑ ይታደሳል፤ ይህ ግን ወደ ሬቲኖልነት አይመለስም።

ስለዚህ ጾም በጉበቱ መዝገብ፣ ማለት ክምችት፣ ያለውን ሰው እንጂ መዝገብ የሌለውን የሚመለከት አይመስለኝም። ሕፃን ሲወለድ በጉበቱ ያለው ጥቂት ነው፤ የሚሞላውም በእናቱ ጡት ነው፤ የእናቲቱ ወተት ደግሞ ከራስዋ መዝገብ ይቀዳል። በአርሲ ዞን በሕፃናትና በተማሪዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ጥናት፣ በዚህ የእህል አገር የቫይታሚኑ እጥረት የሕዝብ ጤና ችግር መሆኑን አሳይቷል፤ አንዱን ምልክቱን፣ በምሽት ማየት መሳንን፣ ባላገሩ ዳፍንት ይለዋል። ፕሮቲን ያነሰውማ ተሸካሚው ስለሚጎድልበት በጉበቱ ያለችውን ጥቂት እንኳ ማውጣት ይሳነዋል። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉት በየ6 ወሩ ከእንክብል ወደ አፋቸው የሚንጠባጠበው መድኃኒትም ሥራው ይህንኑ ጉበት መሙላት ነው።

ቤተ ክርስቲያን ከ7 ዓመት በታች ያሉትን አታስጾምም፣ ለሕሙማንም ትራራለች፤ የእስልምናም ሕግ ለምታጠባ እናት ጾሙን በሌላ ጊዜ እንድትከፍል ይፈቅዳል። ይሁን እንጂ ብዙ ክርስቲያን እናቶች እያጠቡ ይጾማሉ። ጾም በፈቃድ የሚቀርብ ከሆነ፣ ፈቃዱን ያልሰጠው ሕፃን ከእናቱ ጋር የሚጾመው በማን ስም ነው? ሕፃኑ ከእርስዋ ጋር እንደሚጾም ለእናቲቱ መንገር ከሐኪሙ ይልቅ የንስሐ አባቷ ድርሻ ይመስለኛል፤ ከሐኪሙ አፍ የሰማችውን እንደ ፈተና ልትቆጥረው ትችላለችና።