ስለ ፎቶግራፍና ስለ ቤተ ሰብ ፍቅር

ሰው የሚወደውን ዘመዱን መልክ በአጠገቡ ለማኖር መመኘቱ ነቀፋ አለበትን? ይህን ጥያቄ አንዳንድ ምእመናን ስለሚያነሡት፥ ፎቶግራፍ በተጀመረበት ዘመን የነበረውን ነገር ተመልክተን ጥቂት ለመናገር እንወዳለን።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1839 ዓ.ም. ሉዊ ዳጌር የተባለው ፈረንሳዊ ሲደክምበት የነበረው ጥበብ በፓሪስ ለሕዝብ ተገለጠ። መልኩ የሚቀረጸው ብር በተለበጠና እንደ መስተዋት በተወለወለ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ሲሆን፥ ጎልቶ እንዲታይ የሚያደርገው የባዜቃ እንፋሎት ነበር። ከአንድ ሰሌዳ የሚገኘው አንድ መልክ ብቻ ነው፤ ግልባጭ የለውም። ስለዚህ ቤተ ሰቡ ገበሩ ከፋይ በሆነ ትንሽ ማኅደር ከትቶ ይጠብቀው ነበር፤ ከዘመዱ ጠጕር ጥቂት ቈርጦ በዚያው የሚያኖርም አልታጣም። ሰሌዳው በእጅ ተይዞ ዘንበል ካላለ የሚታየው የተመልካቹ ፊት ነው። የአባቱን መልክ የሚፈልግ ልጅ አስቀድሞ የራሱን ያገኝ ነበር፤ ይህም ለሚያስተውል ሰው ከንቱ ነገር አይደለም።

በዚያን ዘመን ብዙ ሕፃናት በደዌ ይሞቱ ስለ ነበር፥ የሞተውን ሕፃን እንደ ተኛ አስመስለው ፎቶግራፍ የሚያስነሡ ወላጆች ነበሩ። ለብዙዎቹም ከዚያ በቀር የልጃቸው መልክ አልነበራቸውም። ይህን ከጣዖት አምልኮ የሚቈጥር ቢኖር አስቀድሞ እናቲቱን ያስብ። እኛ ኀዘንን እንጂ አምልኮን አናይበትም። ለቅዱሳት ሥዕላት የሚገባው ክብር የታወቀ ነው፤ የዘመድ ፎቶግራፍ ግን መታሰቢያ ስለ ሆነ አይሰገድለትም፥ አይታጠንለትምም።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ሌላ ነገር ነው። ብርሃኑ ሥራውን እስኪፈጽም ድረስ የሚነሣው ሰው ፈጽሞ እንዳይንቀሳቀስ ግድ ነበር፤ ለአዋቂ ሰው ከወንበሩ በስተኋላ ራሱን የሚደግፍ ብረት ይቆምለት ነበር። ሕፃን ግን ይህን አይችልም። ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ እናቲቱ ወይም ሞግዚቲቱ በጨርቅ ተሸፍና፥ እንደ ወንበር ሆና፥ ሕፃኑን ታቅፋ ትቀመጥ ነበር። እንዲህ ያሉ ፎቶግራፎች ዛሬም ይገኛሉ። የሕፃኑ ፊት ጥርት ብሎ ይታያል፤ ያቀፈችው ግን የተከደነ ዕቃ ትመስላለች፤ አልፎ አልፎ እጇ ብቻ ከጨርቁ ሥር ብቅ ይላል። እንግዲህ መልኩ የቀረለት የታቀፈው ነው፤ ያቀፈችው አልታየችም። ያለ እርሷ ግን ፎቶግራፉም ባልኖረ ነበር።

በአገራችንም የሟች ፎቶግራፍ በለቅሶ ላይ ይያዛል፥ ኋላም በክፈፍ ሆኖ በግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ይህን አንነቅፍም። የምንነቅፈው፥ እናቱ በሕይወት ሳለች ለመጠየቅ ጊዜ አጥቶ፥ ከሞተች በኋላ ፎቶግራፏን በወርቃማ ክፈፍ የሚያስጌጠውን ነው፤ ፎቶግራፉን እያሳደገ ተዝካሩን የሚረሳውንም እንዲሁ።

ካህናትም ወደ ኀዘን ቤት ሲገቡ ፎቶግራፉን አንሡት ከማለት ይልቅ የሟቹን የክርስትና ስም ቢጠይቁ ይሻላል። የአያታቸውን መልክ ከግድግዳው የሚያውቁ ልጆች፥ በጸሎት የሚጠራበትን ስም ሲጠየቁ ዝም የሚሉባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉምና፥ በፎቶግራፉ ጀርባ ይጻፍላቸው።